አምሮቱ ሲይዝ፦ ካኖን አር 8፣ አር 6 ማርክ 2 ወይስ ለአሮጌው ፋይቭ ዲ አንድ ጥሩ ሌንስ?

የካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ 3 ይዞ ሰርግ የሚሠራ ሰው ዛሬም አለ። ካሜራው የወጣው በ2012 ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይሠራል፤ ደንበኛም አያማርርም። ግን አጠገቡ የቆመው ቪዲዮ አንሺ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ይዟል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን የሙሽሪትን ዓይን እየተከተለች ትሄዳለች። አምሮቱ እዚያ ይጀምራል። ማታ ቤት ሲገባ ዩቲዩብ ይጨርሰዋል።

አምሮቱን ለመኮነን አልመጣሁም። ዕቃ የማይወድ ፎቶ አንሺ እስካሁን አላየሁም። የማየው ችግር ሌላ ነው፦ ሰው የሚያምረው ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራው ራሱ) ሆኖ ሳለ የቸገረው ብርሃን ይሆናል። ስለዚህ ሦስት መንገዶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው ፋይቭ ዲውን ይዞ ሌንስና ፍላሽ መግዛት ነው። ሁለተኛው ካኖን አር 8፣ ሦስተኛው ካኖን አር 6 ማርክ 2 ነው። ሶኒ የሚያምራችሁም አላችሁና እሱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

ዋጋ

አር 8 በ2023 ሲወጣ ቦዲው ብቻ 1,499 ዶላር ነበር። አር 6 ማርክ 2 በ2022 መጨረሻ ላይ በ2,499 ዶላር ወጣ። የካኖን ኢኤፍ (ለድሮዎቹ ካሜራዎች የተሠራ) 50 ሚሜ 1.8 ሌንስ ግን በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር ገደማ ነበር። በብር የማልጽፈው በምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ብዙው ዕቃ ደግሞ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። የሚያመጣው ሰው ትርፍ አለ፣ የሱቁም ትርፍ አለ። ዋስትናውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት አገር ነው። ቢበላሽ መልሶ መላክ ሊኖርባችሁ ነው። ይህንን ሁሉ ዋጋው ውስጥ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ሌንሱ

ብዙ ሰው ፋይቭ ዲውን የያዘው ከ24-105 ሌንስ ጋር ነው። ጥሩ ሌንስ ነው፤ ግን ከፍተኛው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) 4 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አሁን 50 ወይም 85 ሚሜ 1.8 ግጠሙበት። ከ4 ወደ 1.8 ስትሄዱ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ትናንት አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 6400 ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ ዛሬ 1250 አካባቢ ታነሱታላችሁ። ቦዲ ብቻ በመቀየር ይህን ያህል ልዩነት አታገኙም። ፎቶዬ ይቆሽሻል፣ ማታ ማታ አሸዋ የፈሰሰበት ይመስላል የሚል ሰው ጥያቄው መልስ ያገኘው እዚህ ነው።

ፍላሹም እንደዚሁ። አንድ ደህና የጎዶክስ ፍላሽ ወደ ጣራ አዙራችሁ ብትተኩሱ የአዳራሹ ፎቶ ሌላ ፎቶ ይሆናል። ጣራውን ግን ቀና ብላችሁ እዩት። ዲኮሩ ሐምራዊ ጨርቅ ከሆነ ሙሽሪትም ሐምራዊ ትሆናለች።

ይህ መንገድ የማይፈታው ነገርም አለ። በ1.8 ስታነሱ ጥርት የሚለው ክፍል በጣም ጠባብ ነው። ዓይኗ ላይ ያሰባችሁት ፎከስ ጆሮዋ ላይ ያርፋል። ፋይቭ ዲ ማርክ 3 ባለ 61 ነጥብ ጥሩ ፎከስ አለው፤ ነጥቦቹ ግን መሐል አካባቢ ተሰብስበዋል። ሰውየውን ወደ ዳር ማድረግ ስትፈልጉ መሐል ላይ ፎከስ ይዛችሁ ካሜራውን ማዞር ይመጣል። ቆሞ ለሚነሳ ሰው ችግር የለውም። ለእስክስታ ግን ችግር አለው።

የሚረርለሱ እውነተኛ ትርፍ

ሰው ስለ ሜጋፒክስል ይጠይቀኛል። ተዉት። ፋይቭ ዲው 22 ነው፣ ሁለቱ አዳዲሶች 24 ናቸው። ለአልበምም ለግድግዳም ልዩነቱ አይታይም።

ልዩነቱ ፎከሱ ላይ ነው፤ በጣም ትልቅም ነው። አር 8ም አር 6 ማርክ 2ም ዓይንን ፈልገው ይይዛሉ፣ ሰውየው እየዞረ እየዘለለ ይከተሉታል። ደግሞ ያሉን የድሮ ኢኤፍ ሌንሶች ላይም ይሠራል። የካኖን አዳፕተር ውስጡ መስታወት የለውም፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ በትክክለኛው ርቀት ያስቀምጣል፣ መልእክት ያስተላልፋል፣ በቃ። ያ 125 ዶላር የወጣበት 50 ሚሜ አር 8 ላይ ሲገባ በ1.8 ከሚነሱት ፎቶዎች ውስጥ የሚጣሉት በጣም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሌንስ ቀድሞ የገዛ ሰው ገንዘቡ አልባከነም፤ ቦዲ ሲቀይር ሌንሱ አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው ትርፍ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው። የእኛን ሰርግ አስቡት። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ፣ የቀን ፀሐይ፣ ጠይም ፊት። ቀሚሱ እንዳይቃጠል ብላችሁ ብርሃኑን ስትቀንሱ ፊቱ ይጨልማል። ከዚያ በኮምፒውተር ፊቱን ወደ ላይ ትስቡታላችሁ። የፋይቭ ዲ ማርክ 3 ፋይል እዚህ ላይ ደካማ ነው፤ ጥላውን ብዙ ስትጎትቱት መስመር መስመር ይሠራል። የአዳዲሶቹ ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ) ግን ጉተታውን ይችላል። ለእኔ ይህ ከፎከሱ ቀጥሎ ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት ነው።

ድምፅም አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲፈጸም የመዝጊያው ቀጭ ቀጭ ያሳፍራል። ፋይቭ ዲው ድምፁን የሚቀንስ ሞድ አለው፤ ጨርሶ አያጠፋውም። አዳዲሶቹ በኤሌክትሮኒክ ሹተር (መዝጊያው ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ ራሱ ሲያነሳ) ምንም ድምፅ አያሰሙም። ነገር ግን ዩቲዩቡ በሰከንድ 40 ፎቶ ብሎ የሚያስጎመጃችሁ ይኸው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው። በሱ ስታነሱ ፍላሽ አይሠራም፤ በኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ ፎቶው ላይ ዝንጉርጉር መስመር ሊወጣ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ወደ ሜካኒካሉ ትመለሳላችሁ፤ አር 8 ግን ሙሉ ሜካኒካል ሹተር የለውም፣ የመጀመሪያው መጋረጃ ኤሌክትሮኒክ የሆነውን ነው የምትጠቀሙት። እዚያ አር 6 ማርክ 2 በሰከንድ 12፣ አር 8 6 ያነሳሉ። ሁለቱም ለሰርግ ይበቃል።

አር 8 ወይስ አር 6 ማርክ 2?

የሁለቱ ሴንሰር ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ፎከሳቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ባሳያችሁ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ አታውቁም። ታዲያ የ1,000 ዶላሩ ልዩነት የት ገባ?

በመጀመሪያ ካርዱ ላይ። አር 8 አንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ይይዛል። አር 6 ማርክ 2 ሁለት ኤስዲ ይይዛል፤ አንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጽፋል። ሰርግ አይደገምም። ካርድ ተበላሽቶ የሰው ቀለበት ሥነ ሥርዓት ሲጠፋ ይቅርታ የሚሸፍነው ነገር የለም። በክፍያ ሰርግ ለሚሠራ ሰው እኔ አር 8ን ዋና ካሜራ አድርገህ ግዛ አልልም። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ባትሪው። አር 8 ትንሿን ኤልፒ-ኢ17 ነው የሚጠቀመው፤ 1040 ሚሊአምፒር። አር 6 ማርክ 2 የሚመጣበት ባትሪ 2130 ነው። ከዚህም የሚበልጠው ነገር የፋይቭ ዲው አሮጌ ባትሪዎች አር 6 ማርክ 2 ላይ መግባታቸው ነው፤ አር 8 ላይ አይገቡም። ሚረርለስ በባህሪው ባትሪ ይበላል። ከጠዋት ሽማግሌ እስከ ማታ ጭፈራ አር 8 ይዛችሁ ከሆነ ኪሳችሁ ባትሪ በባትሪ ይሆናል። አንድ ፋይቭ ዲ ባትሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ መዋል የለመደ ሰው ይደነግጣል።

ሦስተኛው ማረጋጊያው ነው። አር 6 ማርክ 2 ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅ መንቀጥቀጥን ያጠፋል። 50 እና 85 ሚሜ 1.8 የራሳቸው ማረጋጊያ ስለሌላቸው ከዚህ ይጠቀማሉ። አር 8 ይህ የለውም። ቪዲዮ በእጅ ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

በአር 8 በኩል የሚባለው ክብደቱ ነው። ከነባትሪው 461 ግራም። ፋይቭ ዲው 950 ነበር፣ አር 6 ማርክ 2 670 ነው። ለጉዞ፣ ለልጅ፣ ለጥምቀት ጃንሜዳ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ደስ ይላል። ለደስታው ብቻ የሚያነሳ ሰው አር 8ን ቢገዛ እኔ አጨበጭባለሁ። ዩቲዩብ ለሚሠራም ይሆናል፦ ሁለቱም 4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም ሴንሰሩን ሳይቆርጡ ይቀርጻሉ። ፋይቭ ዲው ከፉል ኤችዲ አያልፍም፤ ቪዲዮ ላይም የሚንቀሳቀስ ሰው አይከተልም። ቪዲዮ እንጀራችሁ ከሆነ ሌንስ ቀድሙ ያልኩትን ለእናንተ አነሳለሁ፤ ቦዲውን ቀይሩ።

አንድ ነገር በዚሁ፦ ካሜራው ከአሜሪካ ከመጣ ሜኑ ገብታችሁ ቪዲዮውን ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገሮች የሚሆነው የቪዲዮ አሠራር) ቀይሩት። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን የሰከንድ 50ኛ ወይም 100ኛ ላይ አድርጉ። አለዚያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልባችኋል።

ሶኒስ?

ያገለገለ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ከምንም ለሚጀምር ሰው በጣም ጥሩ ግዢ ነው። በ2018 የወጣ ቢሆንም ሁለት ካርድ፣ ማረጋጊያና ጠንካራ ባትሪ አለው። የሲግማና የታምሮን (የሌሎች ሌንስ አምራቾች) ሌንሶችም እንደ ልብ ናቸው፤ ካኖን ለአርኤፍ (ለሚረርለሶቹ) ሌንስ በሩን የከፈተላቸው በ2024 ነው፣ ያውም በትንሽ ሴንሰር ሌንሶች ነው የጀመሩት። የካኖን ሌንስ የሞላው ቦርሳ ያለው ሰው ግን ወደ ሶኒ ሲሄድ ቦርሳውን ሙሉ ነው የሚቀይረው። ኢኤፍ ሌንስን ሶኒ ላይ የሚገጥም አዳፕተር አለ፤ እንደ ካኖኑ አዳፕተር እርግጠኛ አይደለም። ከጃፓን የመጣ ርካሽ ሶኒ ካገኛችሁ ደግሞ ሜኑውን ከፍታችሁ እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ ላይኖረው ይችላል።

ፋይቭ ዲውን ምን ታደርጉታላችሁ?

አር 6 ማርክ 2 የገዛ ሰው አይሽጠው። ባትሪው አንድ ነው፣ ሌንሱ አንድ ነው፤ የሁለተኛ ካሜራ ሥራ ይሠራል። የግድ ከሆነ ግን ገዢው የሹተር ቁጥር (መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተኮሰ) መጠየቁ አይቀርም። ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ አይጻፍም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል። መዝጊያው የተሠራው ለ150,000 ፎቶ ነው።

እናንተም ያገለገለ አር 6 ማርክ 2 ስትገዙ ቆም በሉ። የራሳችሁን ሁለት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም ላይ ይጽፍ እንደሆነ እዩ። አፐርቸሩን 16 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ሴንሰሩ ላይ ነጥብ ወይም ጭረት ፈልጉ። ማረጋጊያውን አብርታችሁም አጥፍታችሁም በዝግታ ሹተር አንሱና ልዩነቱን እዩ። የራሳችሁን ሌንስና አዳፕተር ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው።