የላንዲኒ ባላታ፦ ለክር ትሪዮ ወይስ ለትንፋሽ ትሪዮ?

እ.ኤ.አ. በ1397 ፍሎረንስ ውስጥ ባረፈው የዜማ ደራሲ በፍራንቼስኮ ላንዲኒ ባለ3 ድምፅ ባላታዎች (የዘመኑ የጣሊያንኛ ዘፈኖች) ውስጥ ቴኖርና ኮንትራቴኖር የሚባሉት ሁለቱ የታች ድምፆች በአንድ ከፍታ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ዘፈኖቹን ለሦስት የክር ወይስ ለሦስት የትንፋሽ መሣሪያዎች እንስጥ የሚለውን ምርጫ የሚያከብደው ይህ ነው። ኦቦ፣ ክላሪኔትና ባሱን የየራሳቸው የድምፅ ቀለም ስላላቸው መጠላለፉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ችግሩ ትንፋሽ ነው፤ በአንድ ክፍለ ቃል ላይ የሚዘረጋው ረጅም ዜማ እንዳይበጠስ ስንኙ ሲያልቅ ብቻ ይተንፍሱ። ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ግን ክሮቻቸው ንጹሕ አምስተኛ በሚባለው የድምፅ ርቀት (702 ሴንት፤ ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ስለሚቃኙ የላንዲኒን ዘመን ቅኝት በቀላሉ ያገኙታል፤ እኔ የማስቀድመው እነሱን ነው፣ ያለ ቪብራቶ (ድምፁን ሳያርገበግቡ)። ቴኖሩን ለቼሎ ስትሰጡ በኦክታቭ (በስምንት ድምፅ) አታውርዱት፦ ኮንትራቴኖሩ ከሥሩ በሚያልፍበት ቦታ በመካከላቸው ያለው አምስተኛ ተገልብጦ አራተኛ ይሆናል።