ፖዲያትሪ በእንግሊዝ አገር፦ ዲግሪው ያዋጣል ወይ?

እንግሊዝ አገር ተማሪ ከሚጠፋባቸው የጤና ትምህርቶች አንዱ ፖዲያትሪ፣ ማለትም የእግር ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት ለጤና ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አስቀርቶ ወደ ብድር ሲያዞራቸው አመልካቹ ሳሳ። ይበልጡን የቀረው ደግሞ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ ልጅና የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ነው። እኛም ዲግሪውን የምንመዝነው ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። ሥራው አስተማማኝ፣ ትምህርቱም ጠንካራ ነው። የመመልመያው ማስታወቂያ ግን ስለ ጊዜው ዝም ይላል፤ ተማሪውን መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀረውም ይኸው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱን እንይ። ብዙ ሰው ጥፍር መቁረጥ ይመስለዋል። የስኳር ሕመምተኛን እግር መመርመር ብቻውን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያሳያል። ተማሪው ሞኖፊላመንት የሚባል፣ የ10 ግራም ግፊት የሚሰጥ የናይለን ክር ይይዛል። ታካሚው ዐይኑን ይጨፍናል። ክሩ ውስጥ እግሩ ላይ በተመረጡ ቦታዎች እስኪጎብጥ ይጫናል፣ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይነሣል። ጀማሪ ክሩን ቆዳው ላይ ይጎትተዋል፣ ወይም በነካ ቁጥር «አሁንስ?» እያለ ይጠይቃል፤ ታካሚውም እየገመተ «አዎ» ይላል፣ የደነዘዘው እግር ደህና ተብሎ ይመዘገባል። የደደረ ቆዳ ላይ ከተጫነ ደግሞ በተቃራኒው ጤነኛው ነርቭ የሞተ ይመስላል። ከዚያ የእግር የደም ሥር ትርታ በጣትና በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ) ይፈተሻል። ቁስል ከተገኘ ታካሚው በ1 የሥራ ቀን ውስጥ ወደ ልዩ የእግር ቡድን መላክ አለበት፤ የአገሪቱ መመሪያ ይህን ያዛል።

ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ቀዶ ሕክምናም በትምህርቱ ውስጥ ነው። ጣቱ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ደም እንዳይወርድ ሥሩ ላይ ይታሰራል፣ የጥፍሩ ጠርዝ ይወጣል፣ የበቀለበት ሥር ፌኖል በሚባል ኬሚካል ይቃጠላል። ቦታው በደንብ ካልደረቀ ደም ፌኖሉን ያቀጥነዋል፣ ጥፍሩም ከወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። እጅ የሚለማው በመደጋገም ነውና ሙያው 1,000 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠይቃል።

ማስታወቂያው የሚያልፈው ይህንኑ 1,000 ሰዓት ነው። ልምምዱ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክና በኤን ኤች ኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ቦታዎች የሚሰጥ የቀን ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ከቤት ሩቅ ነው። ቀን ሠርቶ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሳያሰላ ከገባ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይያዛል። በመረጃ ቀን (ኦፕን ዴይ) «ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው? የት ነው? ድልድሉ ከስንት ሳምንት በፊት ይነገራል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ገንዘቡ ከሚወራው የተሻለ ነው። በ2025/26 የዓመቱ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነበር፤ ክፍያው በብድር ይሸፈናል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የማይመለስ 5,000 ፓውንድ በዓመት አለ፤ ፖዲያትሪ ተማሪ የሚጠፋበት ትምህርት ስለሆነ 1,000 ይጨመርበታል፣ ልጅ ለሚያሳድግ ተማሪ ሌላ 2,000። ለልምምድ የሚወጣ ተጨማሪ የጉዞ ወጪም ይተካል፤ መጀመሪያ ግን ከኪስ ይወጣል። ይህ ድጋፍ በራሱ አይመጣም፣ በየዓመቱ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ዓመት አግኝቶ ሁለተኛውን የሚረሳ ተማሪ አለ።

ለእኛ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ዲግሪ ያለው ሰው እንደገና ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር በደንቡ ብድር አያገኝም፤ ፖዲያትሪን ጨምሮ ለተወሰኑ የጤና ሙያዎች ግን ይህ ክልከላ ተነሥቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዲግሪ ይዞ የመጣና የመኖሪያ ፈቃዱ ለተማሪ ብድር የሚያበቃው ሰው «ዲግሪ አለህ» ተብሎ አይመለስም። በሳይንስ የተመረቀ ሰው የ2 ዓመቱን ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችንም ይይ። ትምህርቱን የጨረሰው በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 7 አካባቢ ይጠየቃል፤ ዝግጅቱ ከማመልከቻው ቀደም ብሎ ይጀመር።

ማመልከቻው በዩካስ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ ድርጅት በኩል ነው፤ ዋናው ቀን ጥር ላይ ይወድቃል። ቢያልፍም ተስፋ አይቆረጥ፣ ፖዲያትሪ ክፍት ቦታ ስለሚተርፈው በእንግሊዝ በጋ (ሐምሌና ነሐሴ ገደማ) ያልተሞሉ ቦታዎች በሚሰጡበት ዙር፣ በክሊሪንግ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የወንጀል መዝገብ ማጣሪያና የክትባት ማስረጃ ከቅበላ በኋላ ይመጣሉ። ደመወዝ እየተከፈለ የሚማሩበት የአፕረንቲስሺፕ መንገድም አለ፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ ችግሩ ቦታው ጥቂት መሆኑ፣ የሚወጣውም እንደ ሥራ ማስታወቂያ በአሠሪው በኩል መሆኑ ነው።

ሥራውስ? ፖዲያትሪስት የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በጤና ባለሙያዎች መዝጋቢው አካል በኤች ሲ ፒ ሲ ያልተመዘገበ ሊጠራበት አይችልም። ጀማሪ በኤን ኤች ኤስ ባንድ 5 በሚባለው የደመወዝ እርከን ይገባል፤ በ2025/26 መነሻው በዓመት 31,049 ፓውንድ ነበር። ባንድ 6 ደግሞ በዚያው ዓመት ከ38,682 ይጀምር ነበር። በቁስል ወይም በስኳር እግር የበረታ ከዚያ ያልፋል፣ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ደግሞ ራሱ መድኃኒት ያዝዛል። እንደተመረቁ ብቻን የግል ክሊኒክ መክፈት ግን አንመክርም፤ የመሣሪያ ማምከኛው፣ ኢንሹራንሱና ኪራዩ ታካሚ ሳይመጣ ይበላሉ፣ ለከባድ ቁስል የሚያማክሩት ሰውም አጠገብ አይኖርም።

«ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል»፣ «ጉንዳን ይወረኛል» የሚል እናት አጠገብ ቋንቋዋን የሚሰማ ባለሙያ ሲቀመጥ የነርቭ ጉዳቱ ምልክት በትርጉም መሀል አይጠፋም። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልጋል፤ ልምምዱን ለመሸከም ጊዜ ያለው ሰው ያመልክት።