ኒው ኢንግላንድ አስተር ይሻላል ወይስ ኒው ዮርክ አስተር?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ሴፕቴምበር ላይ የምታዩት መሃሉ ቢጫ የሆነ ሐምራዊ የዱር አበባ ከነዚህ ሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ለመለየት አበባውን ተዉትና መጀመሪያ ግንዱን ዳሰስ አድርጉት፣ የኒው ኢንግላንዱ ፀጉራም ነው፣ ቅጠሉም መነሻው ላይ ግንዱን እቅፍ ያደርገዋል፣ ቢጫውን የከበቡት ቀጫጭን ሐምራዊዎቹ ደሞ ብዙ ጊዜ ከ40 በላይ ስለሆኑ ጥቅጥቅ ብለው ነው የሚታዩት። የኒው ዮርኩ ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ አበባውም ሳሳ ይላል፣ በተፈጥሮው ባህር ዳርቻ ያለ እርጥብ መሬት ይወዳል።

ሁለቱም ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ አንዴ ከያዙ በየዓመቱ ከስራቸው ያቆጠቁጣሉ። ዘሩ ብርድ ካገኘ በደንብ ስለሚበቅል ኖቬምበር ላይ ደጅ በትኑት። የኒው ኢንግላንዱ እስከ 1.8 ሜትር ስለሚሄድ ጁን ላይ ጫፍ ጫፉን ካልቆረጣችሁት አበባው ሲከብደው ይጋደማል፣ የታች ቅጠሉም ስለሚደርቅ ከፊቱ አጠር ያለ ነገር ትከሉ። የኒው ዮርኩ አጠር ይላል ግን ዱቄት የመሰለው ነጭ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል።

እኔ ቦታ ካላችሁ የኒው ኢንግላንዱን ነው የምላችሁ፣ ሌላው አበባ ሲያልቅ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱት ሞናርክ ቢራቢሮዎች እሱ ላይ ነው የሚሰፍሩት።