የቮልስ ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ለየትኛው ቦታ የትኛውን ጋስኬት እንግዛ?

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ «የሞተር ጋስኬት» (በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው) ሲል የቡሽ፣ የጎማ፣ የሲሊኮን፣ ከዚያም በቱቦ የሚጨመቅ ማጣበቂያ ይደረደርለታል። ክርክሩ ወዲያው ዋጋ ላይ ይሆናል። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፤ እዚያ ቦታ ለመድረስ ስንት ሥራ አለ? እጅ ገብቶ የሚቀየረውን ርካሹን ግዙና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ሞተር ካልወረደ የማይደረስበት ከሆነ ግን ገበያው ላይ ካለው የተሻለውን ግዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ እወቁ። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ጠብታውን እየበተነ ሞተሩን በሙሉ ይቀባዋል፤ ዘይት የታየበት ሁሉ ዘይት የወጣበት አይደለም። ሞተሩ በርዶ ሳለ በናፍጣና በብሩሽ እጠቡት (በቤንዚን አይሆንም፣ እሳት ነው)፣ በደንብ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱ። ነጩ ዱቄት ላይ መጀመሪያ የጠቆረውን መስመር ወደ ላይ ከተከተላችሁት ምንጩ ላይ ያደርሳችኋል። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም እዩ። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በኋላ በኩል፣ በፑሊው (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ) መውጫ፣ በፋብሪካው ሞተር ላይ ኦይል ሲል (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግድ ቀለበት) የሚባል የለም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ፑሊው ላይ የተቀረጸ ጥምዝ ነው። ዘይት ከልክ በላይ ከተሞላ ወይም የፒስተን ፋሻ አልቆ ውስጡ ግፊት ከበዛ በዚያ በኩል ይወጣል፣ ምንም ጋስኬት አያቆመውም።

የባልቦላ ክዳን፦ ቡሽ ወይስ ሲሊኮን?

ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው የሚያወጣው እዚህ ነው። የሲሊኮኑ ጋስኬት አይደርቅም፣ ደጋግሞ ይገጠማል፣ መልኩም ያምራል። ችግሩ ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል፤ ክዳኑን የሚይዘው ሽቦ ሲጫነው አንዱ ጥግ ወደ ውጭ ይወጣና ሳታውቁት ያንጠባጥባል። ቡሹ ደግሞ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ግን ተጭኖ ሸካራውን ቦታ ይሞላል፣ ከቦታውም አይሄድም። የባልቦላ ክፍተት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ በርዶ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሚስተካከል ክዳኑ ለማንኛውም ይከፈታል። ስለዚህ እኔ ቡሽ ነው የምገዛው። ስትገዙ በጣታችሁ ትንሽ አጠፍ አድርጉት፤ ከተፈረፈረ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነውና መልሱት። ስትገጥሙ ማጣበቂያውን ክዳኑ ላይ ብቻ ቀቡ፣ ክዳኑ የሚቀመጥበት የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ፊት ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ያኔ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀደድ ከክዳኑ ጋር ይነሳል። ከፋብሪካው ክዳን ይልቅ በብሎን የሚታሰረውን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክዳን የሚያስቡ ካሉ፣ ለዓይን ካልሆነ በቀር ብዙ ጊዜ ማፍሰስ እንጂ ማቆም አይጨምርም።

ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ወንፊት ክዳን

ሁለት የወረቀት ጋስኬትና ስድስት የመዳብ ሮንዴላ ያለው ኪት በቂ ነው። እዚህ የሚያበላሸው ዕቃው ሳይሆን ጉልበት ነው። ስድስቱ ዳዶዎች የሚፈልጉት 7 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ከዚያ ሲያልፍ ጥርሱ ተነቅሎ ይወጣል፣ ክዳኑም ይጎብጣል።

የፑሽ ሮድ ቱቦ፦ ዋናው ወይስ የሚታጠፈው?

ፑሽ ሮድ ባልቦላውን ለማስከፈት የሚገፋው ዘንግ ነው፤ የሚያልፍበት ስምንት ቱቦ፣ ለጫፎቹም ዐሥራ ስድስት የጎማ ቀለበት አለ። ዋናውን ቱቦ ለመቀየር ቴስታታው መነሳት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። የሚታጠፈው፣ ማለትም በስፕሪንግ የሚያጥርና የሚረዝመው ቱቦ ግን ባልቦላ መምቻዎቹንና ፑሽ ሮዱን አውጥቶ፣ ሞተሩ በቦታው እያለ ይገባል። አንድ ቱቦ ብቻ እያፈሰሰ ሞተር ማውረድ የማይፈልግ ሰው ይህን ቢገዛ አልወቅሰውም። ሆኖም ሁለቱ ቁርጥራጭ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ራሱ አዲስ የማፍሰሻ ቦታ ስለሆነ ስምንቱንም በእሱ መቀየር አይታየኝም። ሞተሩ በሌላ ምክንያት ከወረደ ዋናውን ቱቦ ግዙ። በ1300፣ 1500 እና 1600 ሞተር ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ቱቦውን ወደ 190–191 ሚሊ ሜትር ሳቡት፤ የብየዳው መስመር ወደ ላይ ይዙር። ቀለበቱን ከሲሊኮን የተሠራውን ምረጡ፣ ተራው ጥቁር ጎማ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል።

የፍላይዊሉ ኦይል ሲል

ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ፍላይዊል በካምቢዮው (ማርሹ) በኩል ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ነው። ሞተርና ካምቢዮ በሚገናኙበት ከሥር ጠብታ ካያችሁ በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። ወፍራምና የድኝ ዓይነት የሚከረፋ ሽታ ካለው የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሞተሩን በከንቱ አትጠርጥሩ። የሞተር ዘይት ከሆነ ፍሪሲዮን ላይ ደርሶ ማንሸራተቱ አይቀርም። የጀርመኑ ኤልሪንግና የብራዚሉ ሳቦ የታወቁ ናቸው፤ ስም በሌለው ካርቶን የመጣውን ግን ለዚህ ቦታ አልገዛም፤ ቢያፈስ ሞተሩን እንደገና ታወርዳላችሁ። ፍላይዊሉ ውስጥ ቦይ ካለ የሚገባው ቀጭን ኦ-ሪንግ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ አብራችሁ ግዙ። የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆኑን የሚለካ መካኒክ ከሌላችሁ ይህን ሥራ ቤት አትጀምሩት። የፍላይዊሉ ዳዶ ብቻውን 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፣ በተራ ቁልፍ የሚሆን አይደለም።

በቱቦ ስለሚሸጠው ሲሊኮን በአጭሩ፦ ሁለቱ የሞተር ግማሾች በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ አይገባም። ተጨምቆ ወደ ውስጥ የወጣው ቁራጭ ተነቅሎ የዘይት መንገድ ይዘጋል። እዚያ ጋስኬትም የለም፣ የሚፈለገው ሳይደርቅ የሚቆይ ስስ ማጣበቂያ ነው። ዘይት ውስጥ የሚጨመረው «ማፍሰስ አቁም» ጠርሙስም የደረቀ ጎማ ሊያለሰልስ ይችላል፤ ለተቀደደ ቡሽና ወረቀት ግን ምንም አያደርግም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኦይል ሲሉን፣ የቱቦ ቀለበቶቹንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ሁለት ጎማዎች አስመጡ፤ ሁሉም ኪስ ውስጥ ይገባሉ። የማቀዝቀዣው ጎማ ግን ሁለት ልክ አለው፣ የቀድሞው 8 የኋለኛው 10 ሚሊ ሜትር፤ ከተቀላቀለ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ማፍሰስ ይጀምራል፣ የፑሽ ሮድ ቱቦ ይመስላችኋል። ስለዚህ ከጄኔሬተሩ መቀመጫ ሥር የተመታውን የሞተር ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ የመኪናው ዓመተ ምርት ብቻ አይበቃም። ብዙ ቮልስ ዛሬ የሚሄደው በተቀየረ ሞተር ነው።