ለሺንኮቲግ እሳት አደጋ ሠራተኞች፦ ቆሎው ካለቀባችሁ ንገሩን

ምስጋናው ዘግይቷል፤ አውቃለሁ። ጁላይ ላይ መጻፍ የነበረብኝን ነው አሁን የምጽፈው። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ለእነዚያ ልጆች ጻፍሽላቸው ወይ?» ማለቷን አልተወችም። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

«ልጆቹ» የምትላቸው በቨርጂኒያ የባህር ዳርቻ ያለችው የሺንኮቲግ ደሴት የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አንደኛው «ልጅ» ፀጉሩ ጥጥ መስሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ለሦስት ቀን ደሴቲቱ ላይ ቤት ተከራየን። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። እናቴ ጀበናዋን ይዛለች። እኔ ደግሞ ትንሿን የከሰል ምድጃ መኪናው ኋላ ከትቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከአሁኑ ልመን።

ሁለተኛው ቀን ማታ በረንዳ ላይ ከሰሉን አቀጣጥለን ሳለ ዝናብ መጣ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ ምን ይላል?» ብለን ወደ ውስጥ አስገባነው። መስኮቱንም ዘጋን፤ ቢምቢው አያስቀምጥማ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ተጥዶ ሳለ ግድግዳው ላይ ያለችው ነጭ ሳጥን፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያዋ፣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ባለቤቴ ጭስ መስሎት በፎጣ ያራግባል። ትንሿ ልጄ ቀደም ብላ «ራሴን አመመኝ» ስትል፣ ባህር ውስጥ ስለዋለች ነው ብለን አልፈናት ነበር። እሷን ሳይ ነው የደነገጥኩት። 911 ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «አሁኑኑ ሁላችሁም ውጡ» አለች። ነጠላና ፎጣ ተከናንበን ዝናብ ላይ ቆምን።

ብዙም አልቆዩም። አንዱ በራሱ ፒክአፕ ነው የደረሰው፤ ያን ከባድ ካፖርት የደረበው በፒጃማ ላይ ነው። ሌሎቹ በትልቁ መኪና መጡ። የአየር ጭንብል አጥልቀው፣ የጋዝ መለኪያ ይዘው ገቡ። መጀመሪያ የወጣው ምድጃው ነው፤ አንዱ በወፍራም ጓንት አንጠልጥሎ አወጣው። ቀጥሎ ተመልሶ ገብቶ ጀበናውን አመጣ። ጠብታ አልደፋም። እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ይሄንን ነው።

የሁላችንንም ጣት በመሣሪያ ለኩ። ደህና ነን። በሩንና መስኮቱን ከፍተው በትልቅ ማራገቢያ ቤቱን አናፈሱት፤ ደግመው ለኩ። ሽበታሙ ሰውዬ ልጆቼን አጎንብሶ አናገራቸው። ጭስ የለም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም አላቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ስተረጉምላት እናቴ «ከሰል የሚገድለው እንዲህ ነው ለካ» አለች። እኛ አገር ስንቱ ቤት በዚህ ሰው እንዳጣ ማን ያጣዋል? ግን እያወቅንም እናስገባዋለን።

«ስንት እንክፈል?» አልኩ። ሳቁ። «ነገ ማታ ካርኒቫላችን አለ፣ እዚያ ኑ» አሉን። እናቴ መቼ በዚህ ትለቃለች? ገብታ ቆሎ ዘግና መጣች። ሽበታሙ ሰውዬ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ዘረጋላት።

በማግስቱ ካርኒቫሉ ላይ ስጠያይቅ ነው ታሪካቸውን የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኘው መንገድ የተከፈተው በ1922 ነው። ከዚያ በፊት በጀልባ ብቻ ነበር የሚገባው። በ1920 መሀል ከተማዋን እሳት ሲበላት ከየብስ በመኪና የሚደርስላት አልነበረም። በ1924 ሌላ እሳት ተነሣ። ያን ጊዜ ነዋሪዎቹ ተሰባስበው የራሳቸውን የእሳት አደጋ ቡድን አቋቋሙ። በአጭሩ ዕድር ነው። ልዩነቱ ድንኳንና ድስት ሳይሆን ፓምፕና ቱቦ መግዛት ነበረባቸው፤ ገንዘብ ደግሞ የለም።

የነበራቸው ፈረስ ነው። አጠገባቸው ባለችው አሳቲግ የምትባል ረጅም የአሸዋ ደሴት ላይ ድንክ ፈረሶች በዱር ይኖራሉ። ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው ወጡ የሚል ተረት አለ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ የጥንት ሰፋሪዎች ቀረጥና አጥር ለመሸሽ ከብቶቻቸውን ወደ ደሴቲቱ ያሻገሩ መሆናቸው ነው። በዓመት አንዴ እነሱን ሰብስቦ መሸጥ የቆየ ልማድ ነበር። እሳት አደጋው ይህንን ልማድ ይዞ የገቢ ማሰባሰቢያ አደረገው። መጀመሪያ አካባቢ አንዱ ውርንጭላ በ25 እና በ50 ዶላር መካከል ይሸጥ ነበር። በ2015 አንዷ 25,000 ዶላር አውጥታለች።

በ1943 መንግሥት የአሳቲግን የቨርጂኒያ ክፍል ለዱር አእዋፍ መጠለያ አደረገው። በ1947 ደግሞ እሳት አደጋው የራሱን መንጋ ማቋቋም ጀመረ። እስከ ዛሬ በቨርጂኒያ በኩል ያለው መንጋ የእነሱ ንብረት ነው። የግጦሽ ፈቃዱ 150 አዋቂ ፈረስ ነው፤ ከዚያ እንዳያልፍ ውርንጭላዎቹ ይሸጣሉ። የእንስሳት ሐኪም የሚያስመጡላቸውም ራሳቸው ናቸው። የእሳት ቱቦ የሚጎትት ሰው በትርፍ ሰዓቱ ፈረስ ጠባቂ ሆኖ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ትልቁ ቀን ረቡዕ ነው፤ ረቡዕና ሐሙስ ሁለቱም ጁላይ ውስጥ የሚውሉበት የመጨረሻው ሳምንት ላይ። «የጨው ውሃ ካውቦይ» የሚባሉት ፈረሰኞች መንጋውን ሰብስበው፣ ውሃው ወደዚህም ወደዚያም ሳይል ረጋ የሚልበትን ሰዓት ጠብቀው ወደ ሺንኮቲግ ያሻግሩታል። ዋኝቶ መሻገሩ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሐሙስ ጨረታ ነው፤ ዓርብ የተረፉት ዋኝተው ይመለሳሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ውርንጭላዎቹ ከእናቶቻቸው ጎን አንገታቸውን ብቻ አውጥተው ሲመጡ ሆዴ ቡጭ ብሏል። የሚቃወሙትም አሉ። ግን ቀጥ ብለው ወጥተው ሣር ሲነጩ ሳይ ትንሽ ተረጋጋሁ። ሆዳቸው የተነፋው ከጥጋብ መስሎኝ ነበር። ጨዋማ ሣር እየበሉ ውሃ አብዝተው ስለሚጠጡ ነው አሉኝ።

ስለዚህ ጥቆማዬ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰዎች ነው። ለሽርሽር ሁልጊዜ ኦሽን ሲቲ አትሂዱ፤ አንድ ጊዜ ሺንኮቲግን ሞክሩ። ጁላይ ላይ ከሆነ ማታ ካርኒቫሉ ጎራ በሉ። ገንዘቡ ለእሳት አደጋው ነው የሚገባው። የኦይስተር ሳንድዊቻቸውን ባለቤቴ ሁለቴ ወሰደ፤ የባህር ነገር የማይሆንለት ድንች ጥብስ ይበላል። ፍልሰታም ገና አልገባም። ዕጣ ቁረጡ። መጀመሪያ የሺንኮቲግን ዳርቻ የረገጠው ውርንጭላ «ንጉሥ ኔፕቱን» ወይም «ንግሥት ኔፕቱን» ተብሎ በዕጣ ይሰጣል። እኔ ሃያ ዶላር ቆርጬ አልደረሰኝም፤ እንኳንም አልደረሰኝ፣ አፓርታማ ውስጥ የት ላስረው ነበር? ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ ጨረታው ላይ «ተመላሽ» የሚባሉ አሉላችሁ። ታሸንፋላችሁ፣ ስም ታወጣላችሁ፣ ውርንጭላው ግን ወደ አሳቲግ ተመልሶ በዱር ይኖራል። እናቴ «በላይ ይባልልኝ» ብላለች፤ ማኅበር ጠጥተን ብር እናዋጣ ይሆናል።

ረቡዕን ለማየት ጎህ ሳይቀድ ውጡ፤ ሕዝቡ ልክ የለውም። ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጉ። አሳቲግ ላይ ፈረሶቹን አትጠጉ፣ አታብሉ፤ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። የቢምቢ መከላከያ እንዳትረሱ። የከሰል ምድጃዋን ግን እቤት ተዉአት፤ የኤሌክትሪኳ ትበቃለች።