የስፕሪንግፊልዱ የቅርጫት ኳስ ሙዚየም፦ ከመሄዳችሁ በፊት ጆን ቶምሰንን እወቁት

ቅርጫት ኳስ የሚወድ ልጅ ካላችሁ፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ያለውን የኔይስሚዝ የዝነኞች አዳራሽ አሳዩት። ከቦስተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጨዋታው የተፈጠረውም እዚያው ከተማ፣ በ1891 ነው፤ በኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት ነበር የተጀመረው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ ትልቅ ሜዳ ስላለ ኳስ አንስቶ መጫወት ይቻላል። ልጆች ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። ቀና ስትሉ ደግሞ ጉልላቱን የከበቡት የተመረጡት ሰዎች ምስሎች ናቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው የቀድሞ አሰልጣኝ ጆን ቶምሰን ነው። እዚህ አዳራሽ የገባው በ1999 ነው። ምስል ብቻውን ታሪኩን አይናገርምና አውቃችሁ ሂዱ።

ሰውዬው የዲሲ ልጅ ነው፣ የብዙዎቻችን ከተማ። በ1972 የተረከበው በዓመቱ 3 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ነጭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ 596 ጨዋታ አሸነፈ። በኋላ የNBA ኮከብ የሆኑትን ዩዊንግን፣ ሙቶምቦን፣ አይቨርሰንን ያሰለጠነ እሱ ነው።

የ1982ቱን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ፍጻሜ ፈልጋችሁ እዩልኝ። ኖርዝ ካሮላይና ጆርጅታውንን 63 ለ 62 እየመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ የጆርጅታውኑ ፍሬድ ብራውን የራሱ ሰው መስሎት ኳሷን ለተጋጣሚው ለጄምስ ዎርዚ ሰጠው። አለቀ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን እዚያው ይጮህበት ነበር፣ ቶምሰን ግን ልጁን ሰው ሁሉ እያየ እቅፍ አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሂውስተንን 84 ለ 75 ረትተው ዋንጫውን ሲያነሱ፣ ያንኑ ልጅ እንደገና አቀፈው። በዚያ ቀን ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ።

ቢሮው ውስጥ የተነፈሰ ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ኳሱ ሲተነፍስ ምን ይተርፍሃል ለማለት ነው። ደግሞ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ አራቱን ዓመት አብረውት ከቆዩት 97 በመቶው ተመርቀዋል። በጥር 1989 ደግሞ የፈተና ውጤታቸው ያልሞላ አዲስ ተማሪዎችን የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያስከለክል የኮሌጅ ስፖርት ሕግ ሲወጣ፣ በዚህ የሚጎዱት የድሃና የጥቁር ልጆች ናቸው ብሎ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ሕጉም እንዲዘገይ ተደረገ። ልጆቼ ከነጥብ ይልቅ ይህንን እንዲያውቁለት እፈልጋለሁ።

ስኒከር አድርጋችሁ ሂዱ፣ ግማሽ ቀን ያዙለት።