የልጄን መኪና በመኪናቸው ላተረፉልኝ ልብስ ሰፊ

ዛሬ ሾላ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ልጠቁማችሁ ነው። ሱሪ ለማሳጠር ወይም ዚፕ ለማስቀየር አይደለም፤ ለሱ ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው አታጡም። እኔ ይዤላቸው የሄድኩት የሪሞት መኪና ሞተር ነው። አዎ፣ ሞተር። በፌስታል ጠቅልዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አምና ከአሜሪካ ስትመጣ ለልጄ በባትሪ የሚሠራ የሪሞት መኪና ይዛለት መጣች። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምናየው የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚባለው መጠን ነው፣ ከክንድ ይረዝማል፣ ጎማው ጥርስ አለው፣ ሲፈተለክ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ እንወስደዋለን። ጃንሜዳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ጥር 11 ያ ሁሉ ሕዝብ ከረገጠው በኋላማ ሳሩ አልቆ መሬቱ ዱቄት ነው። መኪናው ሲሮጥ ከኋላው የሚያስነሳውን አቧራ ልጄ በጣም ይወደዋል። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር።

የካቲት ላይ ኃይሉ ይቆራረጥ ጀመር። ይሄዳል፣ ይንገራገጫል፣ ደግሞ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ የተቃጠለ ነገር ሸተተንና ቆመ። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ቤት ወሰድኩት፤ ጠጋኙ ሳይከፍት ከውጭ አየት አድርጎ «አዲስ አስመጣ» አለኝ። መሥሪያ ቤታችን ያለ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ግን በካቻቪቴ ፈልቅቆ ውስጡን አሳየኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ ሁለት ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች አሉ፣ መሰርሰሪያ ውስጥ እንዳለው ካርቦን ማለት ነው። ሞላ እየገፋቸው የሚሽከረከረውን መዳብ ይነካሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ንክኪ ነው። አቧራው መሃላቸው ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። የኛ ካርቦን አልቆ የምስር ፍሬ አክሏል። መዳቡ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽም ልቅ ሆኖ ዘንጉን ሲነቀንቁት ይወዛወዛል። ውስጡን ገልብጦ ወረቀት ላይ ሲያራግፈው የወጣው የጃንሜዳ አፈር አንድ የቡና ሲኒ ማንኪያ ይሞላል።

ታዲያ ለምን አይደፈንም? እኔም ይህንኑ ጠየቅኩት። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ የተበሱ አይደሉም፣ ሞተሩ ሙቀቱን የሚያወጣው በነሱ ነው። ብትደፍነው ከአቧራ አድነህ በሙቀት ትገድለዋለህ አለኝ። ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ሽፋን ይሸጣል፣ ግን ለአንድ እፍኝ ጨርቅ የመላኪያ ሂሳቡን ሳየው ተውኩት። አዲስ ሞተር በሰው እጅ እስኪመጣ ድረስ ሽፋኑን እዚሁ አሰፋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሁለት ልብስ ሰፊዎች ሳቁብኝ። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን እጃቸውን ዘረጉ። ሞተሩን ከፌስታሉ አወጡና ዘንጉን በአውራ ጣታቸው አዞሩ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ «ይሄ የሚተነፍሰው በየት ገብቶ በየት ወጥቶ ነው?» አሉኝ። ኤሌክትሮኒክስ ቤቱ ያልጠየቀኝን ጥያቄ ልብስ ሰፊ ጠየቀኝ።

እኔ ግን ሐሳቤን ወስኜ ነበር የሄድኩት። ጂንስ ይሁን፣ ድርብ ይሁን አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ በዚህ ፀሐይ ጋቢ ደርበህ ትሮጣለህ?» አሉኝ። ችክ አልኩ። «እሺ፣ ያዘዝከኝን እሰፋለሁ፤ ሲግል ተመለስ» ብለው ሰፉልኝ። 80 ብር። ሥራው ያምር ነበር፣ ትንሽ የጂንስ ከረጢት፣ አፏ ላይ ላስቲክ ያላት።

አዲሱ ሞተር መጣ፣ ከረጢቷን አለበስነው፣ ጃንሜዳ ወረድን። ስምንት ደቂቃ አልሞላም፣ ልጄ ነካ አድርጎ «አባዬ፣ ያቃጥላል!» ብሎ እጁን ሰበሰበ። በኮሮና ጊዜ የገዛነውን የግንባር ሙቀት መለኪያ ይዤ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለሰው ስለተሠራ ከ43 ዲግሪ በላይ አልቆጥርም አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛዬ የመሥሪያ ቤቱን መለኪያ ይዞልኝ መጣ። ያለ ሽፋን 62 ዲግሪ፣ በጂንስ 91። ጋቢው ማለት ይሄ ነበር።

ስመለስ ጋሼ ነገርኩህ አላሉኝም፣ እኔ ነኝ የተሸማቀቅኩት። ከመሳቢያቸው አራት ዓይነት ቁራጭ ጨርቅ አወጡ፤ ከየአንዳንዱ ክር መዝዘው በክብሪት ለኮሱ። የጥጡ ክር እንደ ወረቀት ሸቶ ነደደና አመድ ሆነ። የናይለኑ አልነደደም፣ ተኮማትሮ ጫፉ ላይ ጠንካራ ዶቃ ሆነ። «ጥጥ ይረግፋል፣ ብናኙ ራሱ ሞተርህ ውስጥ ይገባል። ይሄኛው አይረግፍም፣ አየርም ያሳልፋል» አሉ። ናይለን ሲሞቅ አይቀልጥም ወይ ብዬ ሰጋሁ። ናይለን የሚቀልጠው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሞተር እዚያ ከደረሰ ጨርቁ የመጨረሻው ችግር ነው። ጋሼ ቁጥሩን አልነገሩኝም፤ «ካውያ ካልነካው ምንም አይሆንም» ነው ያሉኝ፣ ያው ነው።

ከዚያ «ባለቤትህ ክር የሮጠበት ስቶኪንግ የላትም?» አሉኝ። ቤት ውስጥ ያስነሳሁትን ሳቅ ልተወው። ጥቁር ስቶኪንግ ይዤላቸው ሄድኩ።

አሠራራቸውን ቆሜ ነው ያየሁት። ሞተሩ 540 የሚባለው ነው፤ በብዛት የተለመደው መጠን ነው፣ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ገደማ። በሜትራቸው ዙሪያውን ለኩት፣ 11 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ። ላስቲኩን ግን 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆረጡ፣ «ተወጥሮ ካልያዘ አቧራው በጎን ይገባል» ብለው። ስቶኪንጉን ሁለት ድርብ አደረጉት፤ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በአግድሙ፣ የአንዱ ቀዳዳ በሌላው ክር እንዲሸፈን። ለሁለቱ ሽቦዎች ትንሽ ቀዳዳ ትተው ዙሪያውን በእጅ ቋጠሩት። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ቢላ በላይተር አግለው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ ክሩ እንዳይተረተር። ሁሉንም ጨርሰው ሞተሩ ላይ ካለበሱት በኋላ ዘንጉ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ጥርስ አይተው ቆሙ። «ይቺ ስትዞር ጨርቁን ጎትታ ብትበላውስ?» አሉ። ፈቱትና በዚያ በኩል አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ እንዲቆም አድርገው እንደገና ሰፉት። ያንን ባያዩ ኖሮ ሦስተኛ ሞተር እገዛ ነበር።

ለተረዳ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ የልብስ ስፌቱም መኪና ነው፣ የልጄም መኪና ነው። ጋሼ የእግር ሲንጀራቸውን መታ መታ እያደረጉ «የኔ መኪና ሃምሳ ዓመት ሠራ፤ ያንተ ሦስት ሳምንት?» ሲሉኝ ሱቁ ውስጥ ዩኒፎርም የሚያስለኩ ሴትዮ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

በአዲሱ ሽፋን ያው ሜዳ፣ ያው ባትሪ፣ ያው ስምንት ደቂቃ፦ 66 ዲግሪ። ያለ ሽፋኑ ከነበረው 4 ዲግሪ ብቻ ነው የጨመረው። ከዚያ በኋላ ከዘጠኝ ቅዳሜ በላይ ሮጧል። ግንቦት ላይ ጓደኛዬ ከፍቶ አየልኝ፤ ካርቦኑ ገና ነው፣ መዳቡ ያበራል፣ ውስጡ እንደ ፓውደር የሳሳ ነገር ብቻ አለ። ስቶኪንጉ ግን ጥቁርነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። ሞተሩ ሊበላው የነበረውን አፈር እሱ በልቶታል።

ልታሰፉ ካሰባችሁ፣ እኔ ተቃጥዬ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። ሽፋኑን በየጨዋታው አውልቃችሁ አራግፉት፤ ሲያድፍ በሳሙና እጠቡትና ሳይደርቅ አታልብሱት። ከተደፈነ ያው ጂንስ ሆነ ማለት ነው። ውሃ አይከለክልም፣ ኩሬ ውስጥ ለመንዳት አይደለም። ብራሽለስ የሚባለው ሞተር ካላችሁ ካርቦን የለውም፤ ብዙዎቹም ዙሪያቸው ድፍን ነው፣ ኩሽኔታውን ከማጽዳት በቀር ሽፋን ላያስፈልገው ይችላል። ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ ብራሽለስም ስላለ መጀመሪያ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን እዩ። ፋን ካለውም የፋኑን አፍ አትሸፍኑ። አዲስ ሽፋን ስታለብሱ የመጀመሪያውን ቀን በየሦስት ደቂቃው እያቆማችሁ ንኩት፤ ለአፍታ እንኳ ጣታችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ አውልቁት።

ጋሼን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ቀጠሮ ላይ ችግር አለባቸው። ረቡዕ ካሉ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ካሉ ደግሞ ደውላችሁ ሂዱ፣ ደውላችሁም ላያነሱ ይችላሉ። መስከረም አካባቢ በዩኒፎርም ይጨናነቃሉ፣ የፋሲካ ሰሞን ባትሞክሩት ይሻላል። ሞተሩን ራሱን ካልወሰዳችሁላቸው አይሰፉም፤ ልኩን በወረቀት ጽፌ ልስጥዎት ስላቸው «ሙሽራ በሌለችበት ቬሎ አልለካም» ብለውኛል። ለሁለተኛው 150 ብር አስከፈሉኝ፣ የመጀመሪያውን 80 ብር ሊመልሱልኝ ሞከሩ። እምቢ አልኩ። እሳቸውም እምቢ አሉ። ብሩ ሁለት ጊዜ ከኪሴ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ልጄ እጅ ላይ አስቀመጡትና ለስላሳ ጠጣበት።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፤ «የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሞተር ተሸክሞ ሊመጣብኝ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የእኛ ልጅ ጓደኞች እስካሁን አምስት አሰፍተዋል፤ አንዱ አባት ለድሪሉም አሰፋለሁ ብሎ ሄዶ ነበር። ጋሼ ድሪሉን አገላብጠው አዩና «ይሄ የራሱ ፋን አለው፣ እናፍነዋለን፣ ተወው» ብለው መለሱት። ገንዘብ አልተቀበሉም።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ መኪናውን እንዳይረሱበት ብሎኛል፤ የኋላ ጎማው አጠገብ ጨርቁ ትንሽ ሳስቷል፣ ይዘነው እንመጣለን። ረቡዕ ብለን ዓርብ።

ሱቁን ፈልጋችሁ የምትሄዱ ደግሞ በምልክት ላስገኛችሁ፤ በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ያቺን የጂንስ ከረጢት ትዝ አለቻችሁ? ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀውባት መርፌ መሰኪያ አድርገዋታል። ከሲንጀሩ በስተቀኝ ሰማያዊ ነገር መርፌ ተሰክቶበት ካያችሁ ደርሳችኋል።